ለእርሻ መኪናና ለተሽከርካሪ ስለሚሆን የኤልኢዲ ባር መብራት አመራረጥ

በምሥራቅ ጎጃም ደጋ፥ ስንዴ በኩታ ገጠም በሚዘራበት አገር፥ የመከር ወራት በደረሰ ጊዜ ኮምባይነሩ ጥቂት፥ ወረፋ ጠባቂው ብዙ ነው። ስለዚህ ባለ መኪናዎች የጀመሩትን ማሳ ሳይጨርሱ ሲመሽባቸው ወይም ከቀበሌ ወደ ቀበሌ በሌሊት ሲሻገሩ እንዲረዳቸው በመኪናው ግንባር ላይ የኤልኢዲ ባር ያስራሉ። ይህ መብራት በደኅና ተመርጦ በደኅና የታሰረ እንደ ሆነ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ያለ ዕውቀት የተገዛ እንደ ሆነ ግን ገንዘብ ከማባከኑም በላይ የደረሰውን አዝመራ ለእሳት ሊዳርግ ይችላል። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች ሊያውቁት የሚገባው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ተገልጧል።

የቀድሞው አምፑል ብርሃን የሚሰጠው ቀጭን ሽቦ በማጋል ስለ ሆነ አብዛኛው ኀይል በሙቀት ይጠፋል። ኤልኢዲ ግን ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ራሱ የሚያበራ ትንሽ ፍሬ ነው፤ ስለዚህ በጥቂት ኀይል ብዙ ብርሃን ይሰጣል። ነጭ የኤልኢዲ ብርሃን ሊሠራ የቻለው ሰማያዊው ከተገኘ በኋላ ነው፤ ስለዚሁም ሥራ ኢሳሙ አካሳኪ፥ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2007 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014) የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

አንደኛ፤ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት እንዲያው ማመን አይገባም። ርካሹ ባር ብዙ ጊዜ ከእውነተኛ ኀይሉ በላይ ይጻፍበታል። መብራቱን ከባትሪ ጋር አገናኝቶ የሚስበውን አምፔር በቴስተር መለካት፥ በባትሪውም ቮልት ማባዛት ነው። 180 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ባር በ13 ቮልት 3 አምፔር ብቻ ቢስብ እውነተኛ ኀይሉ 39 ዋት ነው። ደኅና ኤልኢዲ በአንድ ዋት 100 ሉመን ያህል ስለሚሰጥ፥ ከዚህ ባር የሚጠበቀው 4,000 ሉመን ገደማ እንጂ 20,000 አይደለም። ዋጋውም በዚሁ መጠን ሊነገር ይገባል።

ሁለተኛ፤ ትራክተርና ፒክአፕ በአብዛኛው በ12 ቮልት፥ ከባድ የጭነት መኪና በ24 ቮልት ይሠራሉ። ከ9 እስከ 32 ቮልት የተጻፈበት ባር ለሁለቱም ይሆናል።

ሦስተኛ፤ አይፒ 67 የሚለው ምልክት ሲተረጐም፥ 6 አቧራ አያስገባም፥ 7 ደግሞ በአንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቈይ አይበላሽም ማለት ነው። ሻጩ ከፈቀደ መብራቱን ሳያበሩ በባልዲ ውሃ ነክሮ ማየት ይቻላል፤ ከመስታወቱ ውስጥ ላቦት ከታየ አለመግዛት ነው።

አራተኛ፤ የኤልኢዲ ጠላቱ ሙቀት ነው። ስለዚህ ከኋላው ወፍራምና ብዙ ክንፍ ያለው አሉሚኒየም ያለበት ይመረጥ፤ እጅግ ቀላል የሆነው ቶሎ ይደክማል።

አምስተኛ፤ ለማሳ ሥራ ብርሃኑን በሰፊው የሚበትነው ይሻላል፤ ወደ ሩቅ የሚወረውረው ለአጨዳ አይጠቅምም። በጉምና በአቧራ ውስጥ ነጭ ብርሃን ከፍ ብሎ ከታሰረ ወደ ነጂው ዐይን ተመልሶ ያጥበረብራል፤ ስለዚህ ዝቅ ብሎ የታሰረ፥ ሰፋ ያለ መብራት ይመረጣል።

ስድስተኛ፤ ከሁሉ የሚበልጠው የአስተሳሰሩ ነገር ነው። 120 ዋት ባር በ12 ቮልት 10 አምፔር ይስባል፤ ስለዚህ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፥ ሪሌና ከባትሪው አጠገብ የተቀመጠ 15 አምፔር ፊውዝ ያስፈልገዋል። ፊውዝ የሌለው ሽቦ በንዝረት ተልጦ ብረት የነካ እንደ ሆነ ይግላል፤ በኮምባይነሩ ላይ የተከማቸውን ገለባ ያቀጣጥላል፤ እሳቱም ከመኪናው ወደ ቆመው ስንዴ ይሻገራል። አራት እንዲህ ያሉ ባሮች 40 አምፔር ስለሚስቡ አስቀድሞ የዲናሞውን አቅም ማረጋገጥ ይገባል።

በመንገድ ላይ ግን ባር መብራት ሊጠፋ ይገባል። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን በሚወስደው የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ቍልቍለት ላይ ፊት ለፊት የሚመጣን ነጂ ዐይን ማሳወር ሕይወትን ማጥፋት ነው።

መብራቱም ሁሉን አያደርግም። በደጋ ሌሊት ጤዛ ሲወርድ አገዳው ስለሚረጥብ ኮምባይነሩ ፍሬውን በደኅና አይፈለፍልም፤ እርጥብ እህልም በጎተራ ይሻግታል። ስለዚህ መብራቱ ለምሽቱ ጥቂት ሰዓት ነው። መኪናው ከመነሣቱም አስቀድሞ በነዶውና በገለባው ውስጥ የተኛ ጠባቂ ወይም ሕፃን አለመኖሩ ይታይ።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራቸው አማካይነት አንድ ዓይነት መብራት በብዛት፥ በደረሰኝና በዋስትና እንዲገዙ ቢመክሩ፥ ከመከር በፊትም የእያንዳንዱን ኮምባይነር ፊውዝና ሽቦ፥ የእሳት ማጥፊያም መኖሩን በአውቶ ኤሌክትሪሺያን ቢያስመረምሩ፥ ለጥቂት ብር ወጪ የብዙ ቤተ ሰብ የዓመት ቀለብ ከጥፋት ይጠበቃል።