የከረመ ሞተር

በጨፋ ሸለቆ የቦርከና ወንዝ ይፈሳል። ክረምቱ ሲያልፍ ገበሬው ውሃውን በሞተር እየሳበ ማሳውን ያጠጣል። ሞተሩ ግን ለወራት ሥራ ፈትቶ ከርሟል። ሲያስነሡት ያስላል፤ ጥቂት ሠርቶ ይጠፋል። ሽንኩርቱ ደግሞ ውሃ ጠምቶታል። ታዲያ ሞተሩ ምን ነካው?

በቤንዚን የሚሠራ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የከረመው ቤንዚን ነው። ቤንዚን ሲቆይ ይተናል። ዝቃጩ እንደ ሙጫ ይሆንና የካርቡሬተሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል።

እንግዲህ ከቀላሉ እንጀምር።

አንደኛ፣ አሮጌውን ቤንዚን አውጥተን በአዲስ እንተካ። የወጣው ወንዝ ውስጥ አይደፋ።

ሁለተኛ፣ የአየር ማጣሪያውን እንይ። አቧራ ወይም የአይጥ ጎጆ ዘግቶት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ካንዴላውን ፈትተን ጥቀርሻውን እንጥረግ።

አራተኛ፣ አሁንም እንቢ ካለ ካርቡሬተሩ በንጹሕ ቤንዚን ይታጠብ። ቀዳዳውን በሽቦ መጎርጎር አይገባም፤ ይሰፋና ሞተሩ ቤንዚን ይፈጃል።

ይህ ሁሉ ሲሠራ እሳትና ሲጋራ አይቅረብ።

ለከርሞው ግን ሞተሩን ከማስቀመጣችን በፊት የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግተን፣ በራሱ እስኪጠፋ እናሠራው። ያን ጊዜ ካርቡሬተሩ ባዶ ሆኖ ይከርማል። በሬ ለእርሻ የሚቀለበው በዕረፍቱ ጊዜ ነው፤ ሞተርም እንዲሁ ነው።