አንድ ሻንጣ፣ ሁለት ሚዛን

ጪጩ ላይ ሚዛን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከዲላ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለች የቡና አገር ናትና አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ማንም ሳያስብ ይነግርዎታል። በዚህ ስሌት፣ ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎ አንድ ፈረሱላ ከስድስት ኪሎ ነው። ቡና ግን የትም ተወስዶ ቢመዘን ፈረሱላው ፈረሱላ ነው። ሻንጣ እንዲህ አይደለም። ዋሽንግተን ላይ ያለ ክፍያ ያለፈው፣ ግራም ሳይጨመርበት ዴንቨር ላይ ያስከፍላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ትኬቱ ነው።

ከዴንቨር ለበዓል ወደ ጪጩ የምትመጣ ሴት አለች እንበል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዴንቨር ስለማይደርስ እስከ ዋሽንግተን ዳለስ በዩናይትድ፣ ከዳለስ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ፣ ከቦሌ ሀዋሳ ደግሞ በአገር ውስጥ በረራ ትመጣለች። ከሀዋሳ በኋላ ያለው የመኪና መንገድ ነው፤ እዚያ ኪሎ የሚቆጥር የለም፣ የሻንጣው ዋጋ የሚያልቀው ከረዳቱ ጋር በመከራከር ነው።

ሦስቱን በረራዎች በአንድ ትኬት ከገዛች ነገሩ ቀላል ነው። ከአሜሪካ ለሚነሳ ወይም አሜሪካ ለሚያልቅ ጉዞ፣ መነሻው ላይ የጸናው የሻንጣ ሕግ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ይጸናል፤ የአገሪቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ደንብ እንዲህ ያዛል። ትኬቷ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ከፈቀደላት፣ ያ 46 ኪሎ ሀዋሳ ድረስ የእሷ ነው። በመሀል ያለ አየር መንገድ «የእኔ ሕግ ሌላ ነው» ማለት አይችልም።

ጥቂት ዶላር ለማትረፍ ትኬቱን ከፍላ ለየብቻ ከገዛች ግን እያንዳንዱ ትኬት የራሱን ሕግ ይዞ ይመጣል። ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በአገር ውስጥ በረራ ለመጀመሪያዋ ሻንጣ እንኳ ማስከፈል ለምደዋል። ስለዚህ ዴንቨር ላይ ትከፍላለች። ቦሌ ላይም የአገር ውስጡ በረራ ከዓለም አቀፉ ያነሰ ኪሎ ስለሚፈቅድ ለትርፉ ትከፍላለች። በርካሽ የተገዛው ትኬት እንዲህ እየተቆራረሰ ይወደዳል።

ጉዞው አሜሪካን ካልነካ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ በአጭሩ አያታ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2011 ባስጀመረው አሠራር፣ በአንድ ትኬት ላይ ያሉ አየር መንገዶች ሕጋቸው ሲለያይ የጉዞውን ዋና ክፍል የሚያበረው ይቀድማል። «ዋና» የሚባለው በርቀት አይለካም። አያታ ዓለምን በሦስት ትልልቅ ቀጣናዎች፣ እነሱንም በንዑስ ቀጣናዎች ከፍሏል፤ ተጓዡን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው አየር መንገድ ሕጉን ይሰጣል። ከሃምቡርግ ፍራንክፈርት በሉፍታንዛ፣ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ በኢትዮጵያ ለሚመጣ ሰው ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ ያሻገረው ኢትዮጵያ ነውና የሚሠራው የኢትዮጵያ የሻንጣ ሕግ ነው። (የጂኦግራፊ መምህራንን የሚያስቆጣ ነገርም አለበት፦ በአያታ ካርታ ግብፅና ሱዳን የመካከለኛው ምሥራቅ ናቸው፤ ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ ደግሞ ከአውሮፓ ጋር ተመድበዋል።)

ብዙውን ሰው የሚያሳስተው ግን በቁጥር እና በኪሎ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ትኬት ላይ «2ፒሲ» ከተጻፈ የሚቆጠረው ሻንጣው ነው፤ ሁለት ይፈቀዳል፣ እያንዳንዱም የራሱ ጣሪያ አለው። «30ኬ» ካለ ጠቅላላው 30 ኪሎ ነው። የባሕረ ሰላጤ አየር መንገዶች በብዙ መስመሮቻቸው ይህንን ሁለተኛውን ይጠቀማሉ። በኪሎ ሕግ የለመደ ሰው ሦስት ቀላል ሻንጣ ይዞ በቁጥር ሕግ ሲቀርብ ሦስተኛዋ፣ ቄጤማ ብትመስል እንኳ፣ ታስከፍለዋለች። በተቃራኒው «46 ኪሎ ተፈቅዶልኛል» ብሎ ሁሉንም በአንድ ትልቅ ሻንጣ የጠቀጠቀ ሰው ጭራሽ አይስተናገድም። ከ32 ኪሎ በላይ የሆነ አንድ ሻንጣ በአብዛኛው አይጫንም፤ ምክንያቱም የሚያነሱት ሰዎች ወገብ ነው።

ሚላን ማልፔንሳ ድረስ በኢትዮጵያ ሄዶ ከዚያ በሪያንኤር ወደ ሲሲሊ የሚቀጥል ሰው ፈተናው ይብሳል። የሪያንኤር ርካሹ ትኬት ከወንበር ሥር ከምትገባ ትንሽ ቦርሳ በቀር ምንም አይጨምርም፤ የሻንጣው ክፍያ ከትኬቱ ሊበልጥ ይችላል። እንዲህ ባለው ለየብቻ በተገዛ ትኬት ሻንጣውም በራሱ አይቀጥልም። ባለቤቱ ተቀብሎ፣ ወጥቶ፣ እንደገና ተሰልፎ ማስረከብ አለበት።

በአንድ ትኬት ሲኬድ ሌላም ጥቅም አለ። ሻንጣ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር፣ እ.ኤ.አ. የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት ተጓዡ የመጀመሪያውን፣ የመጨረሻውን ወይም ጉዳቱ የደረሰበትን አየር መንገድ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ለተሰበረ ሻንጣ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ደግሞ ከተረከቡት ቀን አንሥቶ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል።

ሻንጣው እስከየት እንደሚሄድ የሚታወቀው በእጀታው ላይ በሚታሰረው ወረቀት ነው። በትልቁ የተጻፉት ሦስት ፊደላት የመጨረሻ መውረጃው ናቸው፦ አዲስ አበባ ኤ ዲ ዲ፣ ሀዋሳ ኤ ደብልዩ ኤ። ከመስኮቱ ሳይርቁ ማንበብ ይበጃል። ወደ አሜሪካ ሲመለሱ ግን ወረቀቱ ዴንቨር ቢልም፣ ዳለስ ላይ ሻንጣን አንሥቶ በጉምሩክ አሳልፎ እንደገና ማስረከብ ግድ ነው። እናት የቋጠረችው ቋንጣ የሚቀረውም እዚያው ነው፤ ከ23ቱ ኪሎ አንድ ግራም ባያልፍም።