የወረወረውና የተቀበለው

ሁለት ሰዎች ተባብረው የፈጸሙት ሥራ ብዙ ጊዜ በአንዱ ስም ብቻ ይጠራል። የጋስ ዶሬ ሕይወት ለዚህ ምስክር ነው።

ዶሬ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ቺፔዋ ፎልስ በምትባል ከተማ ተወለደ። በኢንዲያና ግዛት በሚገኘው በኖተር ዴም ዩኒቨርሲቲ ሲማር የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ኳርተርባክ ሆነ። ኳርተርባክ ማለት በሜዳው ላይ ጨዋታውን የሚመራ ተጫዋች ነው።

ይህ ጨዋታ እግር ኳስ ይባል እንጂ፣ ሞላላው ኳስ ይበልጡን የሚያዘው በእጅ ነው። በቀድሞው ዘመን ተጫዋቾቹ በጉልበት ስለሚጋፉ ብዙ ወጣቶች ይቆስሉ፣ አንዳንዶችም ይሞቱ ነበር። ስለዚህም በ1906 ኳሱን ወደ ፊት መወርወር በደንብ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት የሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ቢሠራበትም፣ ብዙዎቹ ታላላቅ ቡድኖች ግን በጉልበታቸው መታመንን መረጡ።

በ1913 የትምህርት ዕረፍት ወራት፣ ዶሬና የቡድን ጓደኛው ኑት ሮክኒ በኢሪ ሐይቅ ዳር በሲዳር ፖይንት መዝናኛ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ሥራ ባረፉ ቁጥር ዶሬ በሐይቁ ዳር አሸዋ ላይ ይወረውራል፤ ሮክኒም እየሮጠ ይቀበላል። እንዲህ እያሉ እጃቸውን አፍታቱ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር መባቻ፣ ኖተር ዴም ወደ ዌስት ፖይንት ሄዶ ከብርቱው የጦር ትምህርት ቤት ቡድን ጋር ገጠመ። ዶሬ ከወረወራቸው 17 ኳሶች 14ቱ በወገኖቹ እጅ ገቡ። ኖተር ዴምም 35 ለ13 አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ ሮክኒ የዩኒቨርሲቲው ዋና አሠልጣኝ ሆኖ በአገሩ ሁሉ ታወቀ። በ1931 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ በ1940ም የሕይወት ታሪኩ በፊልም ታየ። ዶሬ ግን በ1919 የዚሁ የጓደኛው ረዳት ሆኖ ሠራ፤ ከ1925 እስከ 1942 ድረስም የዲትሮይት ዩኒቨርሲቲን ቡድን ሲያሠለጥን ኖረ። በ1954 ዐረፈ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። አንበሳው በታሰረ ጊዜ ግን እያንዳንዱን ክር ማሰብ የፍትሕ ሥራ ነው። የተቀበለው እጅ ሲመሰገን፣ የወረወረው እጅም ሊረሳ አይገባውም።