ለሊኑክስ ኮምፒዩተር ምትክ ጆይስቲክ ስለ መምረጥ

አንባቢ ሆይ፤ ከመካነ ሰላም ደሴ ድረስ ሄዶ ዕቃ የገዛ ሰው፥ ዕቃው ባይስማማው ያንኑ ረጅም መንገድ ዳግመኛ መሄድ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ጆይስቲክህ ቢበላሽብህ፥ ምትኩን ከመግዛትህ አስቀድሞ የኮምፒዩተርህን የከርነል ቁጥር ተመልከት፤ ከርነል ማለት ሊኑክስ ከመሣሪያዎች ጋራ የሚነጋገርበት እምብርቱ ነው። ባለገመዱን የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል፤ ለፕሌይስቴሽን 5 ግን ሶኒ ራሱ ያዘጋጀው ድራይቨር የገባው በ2013 ዓ.ም. በወጣው በ5.12ኛው ነው። መልካቸውን አስመስለው የተሠሩት ርካሾች ስሙን ይዘው ጠባዩን ላይዙ ይችላሉ።

ጣትህ ሳይነካው ተጫዋቹ ወደ ጎን የሚሄደው፥ አብዛኛውን ጊዜ በዘንጉ ሥር ያለው ክፍል በመፋተግ ብዛት ስለሚያልቅ ነው፤ በማግኔት የሚሠራው ዘንግ ግን በዚህ መንገድ አያልቅም። ላፕቶፕ ካለህ ይዘኸው ሂድ፤ ሻጩ ቢያጉረመርምም ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት ሰክተህ ሞክረው።