ከመዝገብ ያመለጡ ሕሙማን እንዴት ይቆጠራሉ?

የአንጀት ብግነት ሕመም ብዙውን ጊዜ በወጣትነት ይጀምራል፤ በመድኃኒት ቢረጋም ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። ዋነኞቹ ዓይነቶቹ ክሮንስ እና አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ይባላሉ። በአንድ ከተማ ስንት ሰዎች ይህ ሕመም እንዳለባቸው ማወቅ ግን አስቸጋሪ ነው። አንዱ ታማሚ በሆስፒታል መዝገብ፣ ሌላው በመድኃኒት ማዘዣ፣ ሦስተኛው በናሙና ምርመራ ውጤት ላይ ብቻ ይገኛልና።

በስኮትላንድ ርእሰ ከተማ ኤድንብራና በአካባቢዋ የተካሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እነዚህን መዛግብት አመሳክሯል። በኦገስት 2018 ከ100,000 ነዋሪዎች 784ቱ ሕመሙ እንዳለባቸው ተረጋገጠ።

ተመራማሪዎቹ በዚህ አላበቁም። የዓሣ ብዛት የሚገመትበትን ስልት ተጠቀሙ። ከሐይቅ የተያዙ ዓሦች ምልክት ተደርጎባቸው ይለቀቃሉ፤ ዳግም ሲጠመድ ምልክት ያለባቸው ጥቂት ከሆኑ፣ ገና ያልተያዙት ብዙ ናቸው ማለት ነው። በተለያዩ መዛግብት የሚደጋገሙ ስሞችም እንዲሁ ያመለጡትን ይጠቁማሉ። በዚህ ስሌት 427 ተጨማሪ ሕሙማን ተገመቱ፤ ምጣኔውም ወደ 832 ከፍ አለ።

ሕመሙ በአብዛኛው ቶሎ ለሞት ስለማይዳርግ፣ በየዓመቱ የሚጨመሩት በሞት ከሚለዩት ይበልጣሉ። ስለዚህም በ2028 በአካባቢው ከ100 ሰዎች አንዱ ገደማ ከሕመሙ ጋር እንደሚኖር ተተንብዮአል።

ሐኪም፣ መድኃኒትና በጀት የሚመደቡት በቁጥር ነው፤ ያልተቆጠረ ታማሚ ድርሻ አይያዝለትም። ለሳምንታት የዘለቀ ተቅማጥ፣ በዓይነ ምድር ላይ የሚታይ ደም ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ያለበት ሰውም ሳይዘገይ ሊመረመር ይገባል።