የስንብት ደብዳቤ ቤት ሲገባ

አባወራው ፖሊስ በሆነበት ቤት የስንብት ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠፋው እንቅልፍ ነው። ከዚያ የእናት ደም ግፊት ይነሳል፤ ልጆችም «አባታችሁ ምን አጥፍቶ ነው?» ተብለው ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ። በነርስነት ዘመኔ እንዲህ ያሉ እናቶች የራስ ምታት ክኒን ሲጠይቁ አይቻለሁ። ሕመማቸው ግን ከወረቀቱ ነበር።

በዲሲፕሊን ጉባኤ የተሰጠ ውሳኔ በይግባኝ ሊሻር ይችላል። ችግሩ ብዙዎች በሩን ይስታሉ። ፖሊስም የመንግሥት ደመወዝተኛ ስለሆነ እንደ ሌላው ሠራተኛ የሚከራከር ይመስላቸዋል። የቀድሞው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ግን የፌዴራል ፖሊስ አባላትን አይጨምርም ነበር፤ የሚተዳደሩት በራሳቸው ደንብ ነው። የክልል ፖሊስም የሚመራው በክልሉ ሕግ ነው። ስለዚህ ተሰናባቹ በቅድሚያ የተከሰሰበትን ደንብና አንቀጽ በጽሑፍ ይጠይቅ። ይግባኝ ሰሚውንና ቀነ ገደቡንም እዚያው ይፈልግ።

ቀነ ገደብ ሲነሳ ጉባ ትታወሰኛለች። የህዳሴ ግድብ ያረፈባት ይህች ወረዳ በመተከል ዞን ናት፤ የክልሉ መቀመጫ አሶሳ ደግሞ ከዓባይ ማዶ ነው። ማንኩሽ ላይ ደብዳቤ የተቀበለ ሰው መንገዱን ሳይጀምር ቀኑ ይቆጠርበታል። ሲፈርም የተቀበለበትን ቀን በእጁ ይጻፍ። ይግባኙንም ሲያስገባ ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳያስደርግ አይውጣ።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። ጉባ ቆላ ነው፤ ወባም ፖሊስና ገበሬ አይለይም። ኮአርተም ብቻ ሦስት ቀን ይወሰዳል። በእነዚያ ቀናት ከጥበቃ የቀረ ሰው «ያለ ፈቃድ ጠፋ» ተብሎ ቢከሰስ የሚደርስለት የጤና ጣቢያው ወረቀት ነው፦ ቀን፣ የካርድ ቁጥር፣ ምርመራው፣ የተፈቀደው ዕረፍት፣ ፊርማና ማኅተም። ወረቀቱ ከጠፋም በካርድ ቁጥሩ ከመዝገብ ይፈለጋል። ባለሙያውን «ቀኑን ወደኋላ አድርገህ ጻፍልኝ» ብሎ መለመን ግን ሌላ ክስ መጥራት ነው።

ጉባኤው ክሱን አስቀድሞ አሳውቆታል? መከላከያውን ሰምቷል? ይህ ጥያቄ ከጥፋቱ ክርክር እኩል ይመዝናል። እንግሊዝ አገር የብራይተን ከተማ የፖሊስ አዛዥ የነበረው ቻርልስ ሪጅ በወንጀል ተከሶ ነፃ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1958 የከተማው ኮሚቴ ክሱን ሳያሳውቀውና በቅጡ ሳይሰማው አሰናበተው። የአገሪቱ ከፍተኛ ችሎት እ.ኤ.አ. በ1963 ስንብቱን ዋጋ የለውም አለ። እኛም ዘንድ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የመዳኘት ሥልጣን ላለው አካል እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ቢሆንም ውስጣዊውን ይግባኝ ጨርሶ መሄድ ይበጃል።

ሪጅ ወደ ወንበሩ ልመለስ አላለም፤ የፈለገው ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለበትን ጡረታ ነበር። ሚስቶችም ይህን ልብ በሉ። ባል በንዴት «መሣሪያቸውንም ሥራቸውንም ይውሰዱ» ሲል፣ የአገልግሎት ዘመኑንና የተቆረጠለትን መዋጮ የሚያሳይ ማስረጃ ዛሬውኑ አስወጡ።