ከዓሣው በፊት ባትሪው
ጓደኛዬ ሳሎኑ ውስጥ 400 ሊትር የሚይዝ የጨው ውኃ አኳሪየም ሊያቆም ነው። ቲክቶክ ላይ ክላውንፊሽ አይቶ ልቡ ሸፍቷል። እኔ ደግሞ ኢኮኖሚክስ ተምሬ የለ፣ ካልኩሌተር አወጣሁ።

ውኃው ብቻ ከ400 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ስለዚህ ቀድሞ ወለሉ ይታይ። ጨው በሊትር 35 ግራም፣ በድምሩ 14 ኪሎ። የገበታ ጨው ደግሞ አይሆንም። በየሁለት ሳምንቱ 10 በመቶው ውኃ ሲቀየር ሌላ 1.4 ኪሎ። ኪስ የሚያራቁተው ይሄ ተመላላሽ ወጪ ነው።

ማጣሪያውስ? ከዋናው ገንዳ ሥር ሁለተኛ ገንዳ ይቀመጣል። ውኃው ወደዚያ ይወርዳል፣ ስኪመሩ ቆሻሻውን በአረፋ ይለቅማል፣ ፓምፑ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ዋናው ሠራተኛ ግን ባክቴሪያ ነው፤ መርዛማውን አሞኒያ ደረጃ በደረጃ ወደ ናይትሬት ይለውጣል። እስኪራባ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ በፊት ዓሣ ማስገባት በዓሣው መፍረድ ነው።

«መብራት ሲጠፋስ?» አልኩት። ዝም።

ፓምፑ ሲቆም የተወሰነ ውኃ ወደ ታች ይመለሳል፤ የታችኛው ገንዳ ባዶ ቦታ ካልተተወለት ሳሎኑ ይጥለቀለቃል። ኦክስጅንም እየቀነሰ ዓሣዎቹ ይታፈናሉ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ የግድ ነው።

ጓደኛዬ አሁን ዓሣ መምረጡን ትቶ የባትሪ ዋጋ እየጠየቀ ነው።